«ቁጥር 2» የሚለው ታፔላ

አክስቴ ባሕር ዳር ውስጥ አሥራ አንድ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አላት። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ከወር በፊት ቀብድ ከፍለው የነበሩ አራት እንግዶች በቀጠሯቸው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። አክስቴ ምሳ አሰናድታ፣ አንሶላ አስቀይራና ቄጤማ አስጎዝጉዛ ስትጠብቅ ዋለች። ማምሻውን አንደኛው እንግዳ ደውሎ፣ ከደረሱ ሰዓታት እንዳለፉና ክፍሉ ግን በፎቶ ካዩት ጋር ፈጽሞ እንደማይገናኝ በትሕትና አማረረ። የባጃጁ ሾፌር ስሙን ሲነግሩት ያወረዳቸው ከእኛ ቤት አምስት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከተከፈተ ስድስት ወር ያልሞላው ሌላ ማረፊያ በር ላይ ነበር። በዚያ ቤት ታፔላ ላይ የእኛው ስም በእኛው አረንጓዴ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩም «ቁጥር 2» የሚል ተጨምሮበታል።

«ቁጥር 2» በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልኳንዳ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም ሲቀናውና ሲስፋፋ ሁለተኛውን ቤት በዚህ ይጠራዋል። ስለዚህ ሾፌሩ አልዋሸም፣ እንግዶቹም አልተሞኙም፤ ማንኛውም ሰው ቢያየው የአክስቴ ሁለተኛ ቤት ነው ብሎ ያምናል። የዚያኛው ቤት ባለቤት ግን አክስቴ ዘንድ ስድስት ዓመት በሥራ አስኪያጅነት የቆየ፣ የጽዳት ሠራተኞቹን የቀጠረ፣ ፎቶዎቹን ያነሳ፣ የፌስቡክ ገጹንና በኢንተርኔት ካርታው ላይ ያለውን የቦታ ምልክት በራሱ ኢሜይል የከፈተ ሰው ነው። ሲለቅ የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ቆጥሮ አስረክቧል። የገጹን የይለፍ ቃል ግን ማንም አልጠየቀው፣ እሱም አልሰጠ።

አክስቴ በማግስቱ የንግድ ፈቃዷን በፌስታል ይዛ አቤቱታ ልታቀርብ ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። የተሰጣትን መልስ እስከ ዛሬ እየደጋገመች ታነሳዋለች፦ «እትዬ፣ ስሙ እኮ አንድ አይደለም፤ የሳቸው ቁጥር 2 የሚል አለበት።» ሰውዬው የተናገረው በክፋት አልነበረም። ፊቱ የነበረው መዝገብ የሚያሳየውን ነው የነገራት፤ በመዝገቡም ላይ ሁለቱ ስሞች ሁለት ነበሩ።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አሥራ ሁለት ዓመት በሆቴል እንግዳ መቀበያና በኮንትራት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም በእኛ ሙያ ውስጥ ካሉ ስህተቶች ሁሉ በብዛት የማየው ይህኛው ስለሆነ ነው። ባለንብረቱ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ከሰቀለ በኋላ ስሙ የእሱ እንደሆነ አምኖ ይቀመጣል። የንግድ ስም እና የንግድ ምልክት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የንግድ ስም ነጋዴው ሥራውን የሚሠራበት መጠሪያ ሲሆን፣ የሚመዘገበውም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ በሚሰጠው የንግድ መሥሪያ ቤት ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ተመሳሳይ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚለይ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር ወይም የእነዚህ ቅንብር ሲሆን፣ የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የመጀመሪያው «ይህ ነጋዴ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንግዳው በር ላይ ቆሞ «ይህ ቤት የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ነው። በአዋጁ መሠረት በምልክቱ ላይ ሌላውን ሰው የሚያስገድድ መብት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ እንጂ ታፔላ ሲሰቀል አይደለም።

አክስቴ ሕግ አልባ ነበረች ማለቴ አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያደናግር፣ የአንዱን ቤት ከሌላው የሚያምታታ ተግባርን ይከለክላል። ነገር ግን በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው መደናገሩን ማስረዳት አለበት። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ሾፌሩ አይገኝም፣ አክስቴ እጅ ያለው ደግሞ የእንግዳ መዝገብና የቆየ ደረሰኝ ብቻ ነው። የምዝገባ ወረቀት የያዘ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ካለው ደረጃ ነው። የንግድ ምልክት አዋጁ በተመዘገበ ምልክት ላይ ሆን ብሎ የሚፈጸምን ጥሰት ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ይህ ቅጣት ለአንድ ታፔላ ከባድ አይደለም ወይ ብዬ አስባለሁ፤ ቢሆንም ሽማግሌ ፊት ሲጠቀስ ጆሮ ያስነሳል።

የስም ጣጣ ግን የትንሽ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ ሙያ ከማውቃቸው የስም ክርክሮች ሁሉ የሚያስተምረኝ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ነው። በፓርኩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ አዋኒ የሚባል ዝነኛ ሆቴል አለ። ሕንፃውም ምድሩም የአሜሪካ መንግሥት ሲሆን፣ ሆቴሎቹን፣ ምግብ ቤቶቹንና የመታሰቢያ ዕቃ መደብሮቹን የሚያስተዳድረው ግን በኮንትራት የሚገባ ኩባንያ ነው። ደላዌር ኖርዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራውን ሲረከብ ከእሱ በፊት የነበረውን ኩባንያ ንብረት እንዲገዛ ተደርጓል፤ እሱ ሲወጣም ተተኪው በተራው ከእሱ እንዲገዛ በውሉ ተጽፎ ነበር። ውሉ ሲፈረም አልጋውና ወንበሩ እንጂ ስሙ ስንት እንደሚያወጣ ያሰበ ሰው ያለ አይመስልም። ኩባንያው ግን አስቦ፣ የሆቴሎቹን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት በራሱ ስም አስመዝግቦ ቆየ። «ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ» የሚለውን የፓርኩን መጠሪያ ጭምር፣ በካናቴራና በመሰል ዕቃዎች ላይ እንዲታተም አስመዝግቦት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኮንትራቱ አራማርክ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ሲሰጥ ደላዌር ኖርዝ ክስ መሠረተ። የስሞቹና የሌላው አእምሯዊ ንብረት ዋጋ 51 ሚሊዮን ዶላር ነው አለ፤ መንግሥት በበኩሉ ከ3.5 ሚሊዮን ዶላር አይበልጥም ብሎ ተከራከረ። የፓርኩ አስተዳደር ክርክሩ እስኪያልቅ ስሞቹን ላለመጠቀም ወስኖ ከመጋቢት 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀየራቸው። አዋኒ «ማጀስቲክ ዮሰሚቲ ሆቴል» ተባለ። ዋዎና ሆቴል «ቢግ ትሪስ ሎጅ» ሆነ፤ ከሪ ቪሌጅም «ሃፍ ዶም ቪሌጅ» ተሰኘ። ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጋ ስም በአንድ ቀን ተሸፈነ፤ ሆቴሉ ግን በቦታው ነው፤ ተራራውም እንዲሁ። የሙሽሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ወላጆቻቸው የተሞሸሩበትን ቤት በአዲስ ስም ሲፈልጉ አስቡት።

ጉዳዩ በስምምነት የተቋጨው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ደላዌር ኖርዝ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ፤ ከዚህ ውስጥ 3.84 ሚሊዮኑን መንግሥት፣ 8.16 ሚሊዮኑን አራማርክ ከፈለ። ስሞቹም ለጊዜው ወደ አራማርክ ተዛውረው፣ የእሱ ኮንትራት ሲያልቅ ያለ ክፍያ ለፓርኩ አስተዳደር እንዲተላለፉ ተስማሙ። ለእኔ ከገንዘቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት በእኛም አገር ተመሳሳይ ውል እየበዛ ስለመጣ ነው። በገበታ ለሀገር በወንጪ፣ በጎርጎራና በኮይሻ የተሠሩት ማረፊያዎች የቦታው ስም የሚጠራባቸው ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸው አካል ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ሊሆን ይችላል። በየክልሉም የማኅበረሰብ ሎጆች ለግለሰብ አስተዳዳሪ በኪራይ ይሰጣሉ። የውል ረቂቅ ሳይ ስለ ጄኔሬተር፣ ስለ ፍራሽና ስለ ውኃ ታንከር ሦስት ገጽ ተጽፎ አገኛለሁ፤ ስለ ስሙ ግን አንድ ቃል አይኖርም። አስተዳዳሪው ስሙን በራሱ ቢያስመዘግብ፣ የድረ ገጹን አድራሻ በራሱ ቢገዛ፣ ውሉ ሲያልቅ ይዞት ቢሄድ የሚከለክለው ነገር ውሉ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ኮንትራት ሲመጣልኝ ከዋጋው ቀድሜ ስለ ስሙ የምጠይቀው።

ሁለተኛው ችግር ከስም አወጣጥ ይጀምራል። ባሕር ዳር ውስጥ «ጣና» የሚል ቃል ያለባቸውን ቤቶች ብትቆጥሩ ጣታችሁ አይበቃም፤ ላሊበላ ሄዳችሁ ላሊበላ የሚለውን፣ ጎንደር ሄዳችሁ ፋሲልን፣ አዲስ አበባ ተመልሳችሁ ደግሞ ሐበሻን፣ አቢሲኒያንና ሉሲን ቁጠሩ። ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ስም የሚመርጠው እንግዳው በቀላሉ እንዲያስታውሰው ብሎ ነው። ነገር ግን ለማስታወስ የቀለለው ስም ለመጠበቅ የከበደ ነው። የቦታው ስም የሁሉም ስለሆነ፣ «ሆቴል» እና «ሎጅ» የሚሉት ቃላት ደግሞ የሥራው መጠሪያ ስለሆኑ፣ ሁለቱን አጋጥሞ «ይህ የእኔ ብቻ ነው» ማለት ያስቸግራል። የሆቴል ማስያዣው ድረ ገጽ የቡኪንግ ዶት ኮም ክርክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩባንያው ስሙን በአሜሪካ ለማስመዝገብ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በ8 ዳኞች ለ1 አሸነፈ። ይሁን እንጂ ያሸነፈው ቃሉ ልዩ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከተጠየቁት ሸማቾች 74.8 በመቶው ስሙን የአንድ ድርጅት ምልክት አድርገው እንደሚያውቁት በማሳየቱ ነው። አሥራ አንድ ክፍል ያለው ማረፊያ እንዲህ ያለ መጠይቅ የሚያሠራበት ገንዘብ የለውም።

የቦታ ስም ጨርሶ አይጠበቅም ማለት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረር እና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡለት ሲያመለክት፣ ከገጠሙት ተቃውሞዎች አንዱ እነዚህ ስሞች የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ እንጂ ምልክት አይደሉም የሚል ነበር። በዚህ የተነሳ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ፤ ስሞቹም በመንግሥት ባለቤትነት ተመዘገቡ። ያ ሥራ ግን መንግሥት፣ ጠበቆችና ዓለም አቀፍ ድጋፍ ተረባርበው የሠሩት ነው። ስለዚህ ቤት ልትከፍቱ ስም የምትፈልጉ ዘመዶቼን የምመክራቸው፣ የወንዙን ስም ለወንዙ ትተው ማንም ያላሰበውን እንዲፈልጉ ነው። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲመሠረት የተሰጠው ስም የጣሊያንኛ ቃላት ምሕፃር ነው፤ ከዚያ በፊት በአማርኛ ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ዛሬ ግን አንድ ቤት ብቻ ማለት ነው።

የማመልከቻው ሥራ ራሱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ቅጹ ይሞላል፣ የምልክቱ ናሙና ይያያዛል፣ ወኪል ካለ ውክልናው ይቀርባል፣ ክፍያው ይከፈላል፤ ባለሥልጣኑ መርምሮ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ያወጣዋል። ሰው የሚሳሳተው «ክፍል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ለእኛ ለሆቴል ሰዎች ክፍል ማለት አልጋና ሻወር ያለበት ነው። ለምልክት ምዝገባ በሚያገለግለው ዓለም አቀፍ መደብ፣ በኒስ ምደባ፣ ግን ክፍል ማለት የዕቃና የአገልግሎት ዘርፍ ሲሆን በጠቅላላው 45 ነው፤ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት። ማደሪያና ምግብ ቤት በክፍል 43 ይገባሉ። አስጎብኚነትና የመኪና ኪራይ በ39፣ የባህል ጭፈራና ዝግጅት በ41፣ ስፓው በ44 ነው። ቆልቶ በፓኬት የሚሸጠው ቡና በ30፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ጠጅ በ33 ነው። አክስቴ ከማረፊያው ሌላ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ጉዞ ታዘጋጃለች፤ ቡናም ቆልታ ለእንግዶች ትሸጣለች። በ43 ብቻ ብታስመዘግብ ስሟን ቡና ላይ ለጠፈ ብላ ሌላውን ሰው ለመክሰስ ይከብዳታል። በሁሉም ላስመዝግብ ካለች ደግሞ ክፍያው ይጨምራል፤ ለማትሠራበት ዘርፍ የተመዘገበ ምልክት ደግሞ ሳይሠራበት በቆየ ቁጥር ለመሰረዝ የተጋለጠ ነው። የምትሠራውንና በቅርቡ ልትሠራ የቆረጠችውን መምረጥ ነበረባት። ሦስቱን መረጠች።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛን ፊደል ይመለከታል። ስሟ በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ነው። በላቲን ፊደል ግን ቀ የሚለው በኬ ይጻፍ በኪው፣ ጸ የሚለው በቲኤስ ይሁን በኤስ ብቻ፣ የቤቱ ካርታ፣ የናፕኪኑ ጽሑፍ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያውና የፌስቡክ ገጹ አራት የተለያየ አጻጻፍ ነበራቸው። አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው አክስቴ ሳቀች፤ «እኔም ራሴን አላውቀውም ማለት ነው» አለች። የውጭ አገር እንግዳ በስልኩ የሚፈልገው በላቲኑ ስለሆነ፣ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በአማርኛውና በላቲኑ ማስመዝገብ ግድ ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራምም አስመስሎ የተከፈተ ገጽ እንዲዘጋ በንግድ ምልክት ጥሰት አቤቱታ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የምዝገባውን ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ሰው የሚያቀርበው እሮሮ ብቻ ነው።

ዋሽንግተንና ዱባይ ያላችሁ ምግብ ቤት ባለቤቶችም እንዳትዘናጉ እላለሁ። ምዝገባ ድንበር አይሻገርም፤ አዲስ አበባ የተመዘገበው እዚያ፣ እዚያ የተመዘገበው እዚህ በራሱ አይሠራም። ሴንት ሉዊስ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍየል ጠባቂው በካልዲ ስም የሚጠራ ቡና ቤት አለ። አፈ ታሪኩ የእኛ ቢሆንም፣ በአንድ አገር ገበያ ስሙን መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለ የሌላ አገር ሰው ሊሆን ይችላል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ጉዳዩ ያለቀው በፍርድ ቤት ሳይሆን በሦስት ሽማግሌዎች ነው። ከእነሱ አንዱ ራሱ ሆቴል ስለነበረው፣ የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅ «ነገ ያንተም ሠራተኛ ቁጥር 3 ብሎ ቢከፍት ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ታፔላውን ለማውረድ ተስማማ፤ የገጹንም የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ አስረከበ። አረንጓዴው ቀለም ግን አሁንም አለ፤ ቀለም የማንም አይደለም ብሎ ተከራከረ፣ እኛም ዝም አልነው። በካርታው ላይ ያለው ምልክት እስኪስተካከል ሦስት ወር ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ነው ለማስመዝገብ የተነሳነው። አክስቴ ከስሙ ጎን ጀበና እንዲሳል ፈልጋ ነበር፤ ወኪሉ ጀበና የሌለው ታፔላ ከተማው ውስጥ ስንት እንዳለ ሲጠይቃት ተወችው። ታንኳም አሰበች፤ እሱም ጣና ላይ የሁሉም ነው። በመጨረሻ ከሳጥን ውስጥ የአያቴን የሐበሻ ቀሚስ አውጥታ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ጥልፍ በጣቷ እያሳየች «ይህን እሷ ናት የጠለፈችው፤ ከማንም አልቀዳችውም» አለች። ማኅተሙም፣ የቁልፍ ማንጠልጠያውም፣ ታፔላውም ዛሬ ያንን ጥልፍ ይዘዋል።

የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ከአያቴ ፎቶ ጎን፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ሰቀለችው። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ ለ7 ዓመት እንደሚጸና፣ ከዚያም በየ7 ዓመቱ እንደሚታደስ ስነግራት በጣቷ ቆጠረች፤ ሲታደስ ሰባ አንድ ዓመቷ ይሆናል። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራውን ልጅ ጠርታ ቀኑን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ እንድትጽፈው አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እኔ ብሞትስ?» አለችኝ። እንደ ቤቱ ሁሉ ለወራሽ እንደሚተላለፍ ነገርኳት። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም የሚኖሩት ውጭ አገር ነው። ወረቀቱን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ምንም ሳትመልስልኝ ለማታ እንግዶች ውኃ መግባቱን ልታይ ወደ ላይ ወጣች።